መመርመሪያው እግራችንን ያውቀዋል?

ለአዘጋጁ፦

የቆዳ ካንሰርን በኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድና በማሽን ለርኒንግ ቀድሞ ስለመለየት ያወጣችሁትን አነበብኩ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ካንሰር የያዘው ቆዳ አብዛኛውን ጊዜ ከጤነኛው የበለጠ ውኃ ስላለው ሞገዱን ለየት አድርጎ ይመልሳል። ኮምፒውተሩ ልዩነቱን ከብዙ ናሙና ይማራል።

ችግሩ ናሙናው ላይ ነው፤ በአብዛኛው የነጭ ቆዳ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2024 ደርማሴንሰር የተባለውን በብርሃን የሚሠራ መሣሪያ ሲፈቅድ፣ በጥናቱ በበቂ ባልተወከሉ ሰዎች ላይ ተጨማሪ ፍተሻ እንዲደረግ ያዘዘው እንዲሁ አይደለም።

በጥቁር ቆዳ ላይ ሜላኖማ የተባለው አደገኛ የቆዳ ካንሰር የሚበዛው ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ነው፦ ውስጥ እግር፣ መዳፍ፣ ጥፍር ሥር። ቦብ ማርሌይን የገደለው ከእግር ጣቱ ጥፍር ሥር የጀመረ ነበር። እኛ ግን ውስጥ እግራችን ላይ ጥቁር ነጥብ ስናይ «ጫማ ልጦኝ ነው» ብለን እናልፋለን። የዚያ ቦታ ቆዳ ደግሞ ወፍራም ነው፤ የሞገዱን ንባብ ይቀይራል።

ስለዚህ በሞገድ የሚሠራው መመርመሪያ ከመገዛቱ በፊት እንደ አለርት ባሉ ሆስፒታሎች፣ በባዮፕሲ (ከቁስሉ ቅንጣት ተወስዶ በሚደረግ ምርመራ) በተረጋገጡ የእግር ቁስሎች ላይ ይፈተሽ። እስከዚያው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጫማ አስወልቀው ይዩ።