ሻፍት የሚሰበረው የት ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ቡሬ ላይ የበቆሎ መፈልፈያ እሠራለሁ፤ እጠግናለሁም። «ሲሙሌሽን (ዕቃን በኮምፒውተር ላይ መፈተሽ) የትልልቅ ፋብሪካ ነገር ነው» ሲባል ስለምሰማ ነው ይህን የምጽፈው።

ለጥገና የሚመጡልን መፈልፈያዎች ሻፍታቸው (የሚዞረው የብረት ዘንግ) የሚሰበረው በአብዛኛው ቺንጊያ በሚጠመጠምበት በፑሌጃው በኩል፣ ከወፍራም ወደ ቀጭን በሚወርድበት ጥግ ላይ ነው። የሠፈሩ መድኃኒት «ወፍራም ብረት አስገባበት» ነው። ብረት ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። ባሕር ዳር መካኒካል የሚማረው የእህቴ ልጅ (መዶሻ እንኳ በቅጡ አይዝም) ፍሪካድ በሚባል ነፃ ሶፍትዌር ሻፍቱን ስሎ፣ የቺንጊያውን ጉተታ አስገብቶ አሳየኝ። ቀይ የሆነው፣ ማለትም ጫናው የበረታበት፣ ያ ጥግ ብቻ ነበር። ጥጉን ትንሽ ክብ ሲያደርገው ቀዩ ወደ ቢጫ ወረደ፤ የሻፍቱ ውፍረት ግን አልተነካም። ይህ ለቶርኖ ባለሙያ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ሶፍትዌሩ ግን የነገሩትን ያምናል። ኩሽኔታው ላይ የሚዞረውን ሻፍት እንደተበየደ አድርገው ቢሰጡት፣ ውሸቱን በቀለም አሳምሮ ይመልስልዎታል። ስል ጥግ ላይም መረቡን (ሶፍትዌሩ ለስሌት ሻፍቱን የሚከፋፍልባቸውን ትንንሽ ክፍሎች) ባደቀቁት ቁጥር ውጤቱ ይንራል እንጂ አይረጋም። አንድ ጊዜ ብቻ ጭኖ የሚያሰላው ስሌት ደግሞ ብረቱ በየዙሩ እየታጠፈ መድከሙን ብቻውን አይነግርም። ስለዚህ በቆሎ ሞልተን ሳናስጮኸው አንሸጥም።

ኮሌጆቻችንን የምጠይቀው፣ ተማሪዎቹ የመመረቂያ ሥራቸውን ከመጽሐፍ በተቀዳ ክሬን ላይ ከሚሠሩ የእኛን ሻፍት እንዲይዙ ነው። ልኩንም ስባሪውንም እንሰጣለን።

የብረታ ብረት ባለሙያ፣ ከቡሬ