መጀመሪያ ብላ

ኮምቦልቻ፣ ነሐሴ 9 ቀን

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እማዬ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትንሿ ልጄ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስታወራ ታፏጫለች፤ ስትሰሚያት ትስቂያለሽ።

ይህን በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። በስልክማ "እሺ እሺ፣ አብሽር" ትይኝና ካርድህ አለቀ ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ደብዳቤ አይዘጋም። የምታነብልሽ የጎረቤት ልጅ ድምጿን ከፍ ታድርግልኝ፤ እየዘለለችም እንዳታነብ።

ባለፈው መውደቅሽን የሰማሁት ከአንቺ አይደለም። ጠዋት የስኳር መድኃኒትሽን ወስደሻል። እህል አልቀመስሽም። በዚያ ጉምና ጭቃ መድኃኔዓለም ሄደሽ ቅዳሴው እስኪያልቅ ቆመሻል። ስትመለሺ በር ላይ ተንቀጥቅጠሽ ወደቅሽ። እኔ የሃረጎን ዳገት ሽቅብ ስወጣ መንገዱ በጉም ተሸፍኖ ሚኒባሱ እንደ ኤሊ ነው የሚሄደው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ ያን ቀን ግን አላልቅ አለችኝ። ስደርስ ምን አልሽኝ? "ሥራህን ጥለህ ምን አመጣህ?" ቀጥለሽም፣ "በዕድሜዬ ፍልሰታን ሽሬ አላውቅም። አሁን መሄጃዬ ሲደርስ ምን ይዤ ልቅረብ?"

ይቺ "ምን ይዤ ልቅረብ" ያልሻት ነገር ከእኔ ጋር ኮምቦልቻ ወረደች። ሌሊት እንቅልፍ ነሳችኝ።

ለአንቺ ሃይማኖት ላስተምር አይደለም። አባታችን ሆይን ፊደል ሳልቆጥር ያስጠናሽኝ አንቺ ነሽ። ግን አንድ ነገር ላስታውስሽ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። የዕድሩን ገንዘብ አድርስ ብለሽ ሰጠሽኝ፤ እኔ ፒያሳ ቪዲዮ ቤት ገብቼ ጨረስኩት። እስኪመሽ ቤት መግባት ፈራሁ። የምናገረውን ስለማመድ ዋልኩ፦ "እማዬ፣ ክረምቱን ሙሉ እላላካለሁ፣ ቀስ እያልኩ እከፍልሻለሁ።" ስገባ ግማሹን ሳልናገር "መጀመሪያ ብላ" አልሽኝ። ሽሮው ቀዝቅዞ ነበር፣ መልሰሽ አሞቅሽው። ስለ ገንዘቡ ያወራነው በማግስቱ ነው። ከዚያ በኋላ የዕድር ሳንቲም ነክቼ አላውቅም፤ ዱላ ፈርቼ ግን አይደለም።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 የጠፋው ልጅም እንዲሁ ንግግር አዘጋጅቶ ነው የመጣው። "ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ" ሊል። አስተውለሽ ከሆነ ያቺን ቃል አባቱ ፊት አይላትም። አባቱ አላስጨረሰውም፤ ልብስ አምጡ፣ ቀለበት አምጡ፣ ፍሪዳውን እረዱ አለ። ልጁ ደሞዝተኛ ሊሆን መጣ፤ አባቱ በልጅነቱ ተቀበለው። ታላቁ ወንድም ደግሞ ደጅ ቆሞ ስንት ዓመት ተገዛሁልህ እያለ ይቆጥራል። እማዬ፣ አትቀየሚኝና፣ አንዳንዴ አንቺም ቤት ውስጥ ሆነሽ እንደ እሱ የምትቆጥሪ ይመስለኛል። ስንት ጾም፣ ስንት ስግደት፣ ስንት ዓመት ግሸን ማርያም።

ቅዱስ ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ጸጋው በእምነት አድኗችኋል፣ ይህም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው እንጂ ከእናንተ አይደለም ይላቸዋል። ምዕራፍ 2 ቁጥር 8 ላይ ነው። እኛ ሀብታሙን "ባለጸጋ" እንላለን አይደል? ጸጋም ሀብት ነው፤ ሠርተን ያላመጣነው፣ የተሰጠን። ስለዚህ ይዘሽ የምትቀርቢው እሱ ራሱ የሰጠሽን ነው።

አውቃለሁ፣ "እንግዲያ ጾም ቀረ በለኛ!" ትያለሽ። አልቀረም። ጳውሎስም ጸጋ እንዲበዛ ኃጢአት እንሥራ ወይ ብሎ ጠይቆ፣ ራሱ አይደለም ብሎ መልሷል። በጤናሽ ጊዜ የጾምሽው በፍቅር ነው፤ እኔም ጾም የምወደው ከአንቺ አይቼ ነው። የልጅ ሥራና የደሞዝተኛ ሥራ ግን ይለያያል። ልጅ ሲታመም ከቤት አይባረርም። የነፍስ አባትሽስ እኔ ፊት ምን አሉሽ? "መድኃኒት የሚወስድ እህል ይቅመስ፣ አንቺ በጸሎት ጹሚ" አላሉም? "እሺ አባቴ" ብለሽ በማግስቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆየሽ። እንግዲህ ይህን ምን እንበለው፣ ጾም ወይስ እልህ?

ሁለተኛው ሐዘንሽ ቤተ ክርስቲያን መሳም አልቻልኩም የሚለው ነው። እሱ ይገባኛል፣ እውነተኛ ሐዘን ነው። ዕጣኑ፣ ከበሮው፣ ደጀ ሰላሙ ቤት ውስጥ አይተካም። ግን አባቶች ሲያስተምሩ ቤተ ክርስቲያን ማለት ሕንፃውም ነው፣ የምእመናን ኅብረትም ነው፣ የእያንዳንዱ ምእመን ሰውነትም ነው ይላሉ። ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ መጨረሻ ለጵርስቅላና ለአቂላ ሰላምታ ሲልክ በቤታቸው ላለችው ቤተ ክርስቲያንም ይልካል። በቤታቸው!

የወደቅሽ ዕለት ማታ ሦስት የማኅበርሽ ሴቶች በሶና አጃ ይዘው መጡ። ሙስሊሟ ጎረቤትሽም እግርሽን በሙቅ ውሃ ስታሽ አገኘኋት። አንቺ "ባዶ ቤት ተቀበልኳቸው፣ ቡና እንኳ አላፈላሁም" እያልሽ ስታፍሪ ነበር። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ያሰብኩት ሌላ ነው። ልጅ እያለሁ በአይጠየፍ አዳራሽ ስናልፍ ስሙን ትተረጉሚልኝ ነበር፦ ንጉሥ ሚካኤል ግብር ሲያበሉ ድሃ ከሀብታም አይለዩም ነበርና ነው አይጠየፍ የተባለው ትይኝ ነበር። እዚያ ግብር የገባ ድሃ ምን ይዞ ገባ? ማኅበርተኞችሽ ያን ማታ ይዘውልሽ የመጡት ቤተ ክርስቲያንን ነው፤ አንቺ ግን ዓይንሽ ረከቦቱ ላይ ነበር። አርባ ዓመት ለሰው ስታበይ ኖረሽ መቀበል ሲመጣ እጅሽ ይታጠፋል።

ለማንኛውም ለፍልሰታ መፍቻ ሰባት ቀን ቀርቷል። በእነዚህ ቀናት ጠዋት መድኃኒትሽን ስትወስጂ አጃውን ጠጪ፤ የጾም ነው፣ ወተት የለውም። በ16 ኪዳነ ምሕረትን አብረን እንስማለን፤ በታክሲ እስከ በሩ አደርስሻለሁ፣ ወንበርም ይዣለሁ። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እደውላለሁ፤ ካርድ እንዳይቆጥርብህ ብለሽ እንዳትዘጊ። የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው፦ በላሽ ወይ?

ልጅሽ