የምስጋና መልእክት፦ ልጃችን ደወሉን ደውላለች

ውድ ወገኖቻችን፣ ወዳጆቻችንና ጎረቤቶቻችን፤ ሰላማችሁ ይብዛ።

ባለፈው ሐሙስ ሴት ልጃችን እዚህ ሊድስ ከተማ በታከመችበት ሆስፒታል ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ደወል ደወለች። እንግሊዝ አገር ልጆች የካንሰር ሕክምናቸውን ሲጨርሱ ይህን ደወል ሦስት ጊዜ ይደውላሉ። የእኛዋ አምስት ጊዜ ነው የደወለችው። ነርሷ «በቃሽ» ብትላት «ይሄኛው የእማዬ ነው» ብላ ገመዱን አለቅም አለች። እናቷ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔ ቪዲዮ እቀርጻለሁ ብዬ ስልኬን ይዤ የቀረጽኩት ጣሪያውን ነው። «ላክልን» ያላችሁኝ ሁሉ ዝም ያልኳችሁ በዚህ ምክንያት ነው፤ ይቅርታ።

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ዓመት ከጥቂት ወራት በፊት ነው። እግሬን አመመኝ ትላለች፤ ደረጃ ስንደርስ «እዘለኝ» ትላለች። ስንፍና መስሎን ነበር። ቆየት ብሎ ፊቷ ነጣ፤ ሳትወድቅ ሳትመታ ጭኗ እየበለዘ መጥቆር ጀመረ። ሁለት ጊዜ «ቫይረስ ነው፣ ያልፋል» ተብለን ተመልሰናል። ለዚያ ቂም አልያዝኩም፤ አባቷ ሆኜ እኔም ስንፍና ነው ብያለሁና። በሦስተኛው ደሟ ታየ፣ በዚያው ሌሊት አልጋ ያዝን። የደም ካንሰር ነው አሉን፤ በልጆች ላይ የሚበዛው ዓይነት።

ስም ልጥራ ብል የሚቀርብኝ ሰው ይኖራልና አልጠራም። ግን ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

የቤተ ክርስቲያናችን እናቶች፣ ያንን ዴክሳሜታዞን የሚባል መድኃኒት የወሰደችበትን ወር መቼም አልረሳውም። ጉንጯ እንደ ድፎ አብጦ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ «ሽሮ» እያለች ትነሳ ነበር። አንድ ሳህን ጨርሳ ሌላ ትጠይቃለች። ፍሪዛችን እናንተ ባመጣችሁት ዕቃ ተሞልቶ በሩ አልዘጋ ያለበት ቀን ነበር። እማማ ሽሮውን በየዕቃው ላይ ቀን ጽፈው ነው የላኩት፤ ያውም በኢትዮጵያ አቆጣጠር። ባለቤቴ እየደመረችና እየቀነሰች ነበር የምታሞቀው።

የአውቶቡስ ዴፖ ባልደረቦቼ፣ ትኩሳቷ 38 ከደረሰ ሰዓት ሳይቆጠር ሆስፒታል መገኘት ነበረብን። መሪ ይዤ ሳለ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ከእናንተ አንዱ ፈረቃዬን ተረክቧል። አንድ ቀንም ቢሆን ብድሬን መልስ ያለኝ የለም። ነርሶቹንማ ምን ብዬ ላመስግን? አንደኛዋ ከኛ አንድ ቃል ለምዳ፣ ጀርባዋ ላይ መርፌ በሚወጋበት ቀን ሁሉ ልጄን «አይዞህ፣ አይዞህ» ትላት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ማናችንም አላረምናትም። አሁን ልጄ ራሷ ለአሻንጉሊቷ «አይዞህ» ነው የምትለው።

አሁን ወደ ጋሼ ልምጣ፤ በእሳቸው በኩል ደግሞ ወደ አንድ ጨርሶ ወደማያውቀን ሰው።

ጋሼ የምላቸው ግድግዳ የምንጋራቸው እንግሊዛዊ አዛውንት ናቸው። የቃሉን ትርጉም ስነግራቸው ደስ አላቸው፤ ስሙም በዚያው ጸናባቸው። የእኔ መኪና በተበላሸ ጊዜ በሌሊት ፒጃማቸው ላይ ካፖርት ደርበው ያደረሱን እሳቸው ናቸው። ተኝተን በምንቆይባቸው ረጅም ቀናት ደግሞ እየመጡ ስለ ክሪኬት ያወሩናል። እውነቱን ልናገርና፣ ክሪኬት ለእኔ ነጭ የለበሱ ሰዎች እንደ ቅዳሴ ሰዓት ምእመን ቆመው የሚውሉበት፣ አምስት ቀን ተጫውተው አቻ የሚለያዩበት ነገር ነበር። ጋሼ «በናንተ አገር በዱላ ኳስ መምታት የለም?» አሉኝ። ገናን ነገርኳቸው። «እንግዲያው ግማሹን ታውቀዋለህ» አሉ።

ወሬያቸው ሁሉ መጨረሻው ኢያን ቦተም ነው። በኛ ወግ ትልቅ ሰውን አንቱ ማለት ይገባል፤ ግን ጋሼ እንደ ታናሽ ወንድማቸው ስለሚያወሩት፣ እኔም የጨዋታውን ወሬ ስጽፍ «እሱ» ብል አትታዘቡኝ።

ቦተም ሁለገብ ተጫዋች ነበር። በክሪኬት አንዱ ኳስ መወርወር፣ ሌላው በዱላ መምታት ይችልበታል፤ ሁለቱንም አሟልቶ የሚችል ግን እምብዛም አይገኝም። እሱ ለእንግሊዝ 102 የቴስት ግጥሚያ (አገር ከአገር የሚገጥሙበት የብዙ ቀን ጨዋታ ነው) ተጫውቶ 5,200 ራን፣ ማለትም ነጥብ፣ አስቆጠረ፤ 383 ተጋጣሚ መቺዎችን አስወጣ። ይህን ቁጥር ከእንግሊዛውያን የበለጠው የለም ነበር፤ እስከ 2015። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ።) ያደገው በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ሶመርሴት ነው። ገና በ18 ዓመቱ በ1974 ኳስ አፉን መታው፤ ጥርሱ ተሰበረ፤ ደሙን ተፍቶ እዚያው ቆሞ ቡድኑን አሸናፊ አደረገ። ጋሼ ይህን ሲያወሩ ልጄ የራሷን የወለቀ ጥርስ ከፍታ አሳየቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተስማሙ።

ትልቁ ወሬ ግን የእኛው ከተማ ወሬ ነው። ሐምሌ 1981፣ ሄዲንግሊ ሜዳ። እኔ አውቶቡስ የምነዳበት መንገድ በአጥሩ ሥር ያልፋል፤ ስንት ዓመት ዝም ብዬ አልፌዋለሁ። ቦተም ከዚያ ግጥሚያ በፊት የቡድኑ አምበል ነበር፤ ለንደን ሎርድስ ሜዳ ላይ በሁለቱም ዙር ያለ አንድ ራን ወጣና አምበልነቱን ለቀቀ። ከሜዳ ሲመለስ የክለቡ አባላት ፊታቸውን አዙረው ዝም አሉት ይባላል። በሄዲንግሊ ደግሞ አውስትራሊያ 401 አስቆጥራ፣ እንግሊዝ 174 ላይ አለቀች፤ ብዙ በመበለጧም እንደገና እንድትመታ ተገደደች። በዚህ ሁለተኛ ዙር ከአሥራ አንዱ መቺዎች ሰባቱ ወጥተው 135 ላይ ደረሰች። የአውስትራሊያን ቁጥር ለመድረስ ብቻ እንኳ ገና 92 ይቀራል። አቋማሪዎቹ እንግሊዝ ታሸንፋለች ለሚል 500 እጥፍ እንከፍላለን ብለው ነበር። ተጫዋቾቹም ከሆቴላቸው ሻንጣቸውን አውጥተዋል።

ቦተም ከቡድን ጓደኛው ከግሬም ዲሊ ጋር ቆመና፣ እንግዲህ ከተሸነፍን አይቀር በሚል መንፈስ መምታት ጀመረ። ሁለቱ በ80 ደቂቃ 117 ጨመሩ። ጋሼ በዚያ ሰኞ ከሥራ ቀርተው ሜዳው ውስጥ ነበሩ፤ ከፊሉ ወንበር ባዶ ነበር ይላሉ፤ አለቃቸውን ጥርሴን አሞኛል ብለዋቸው። ቦተም 149 ላይ ሳይወጣ ጨረሰ። በማግስቱ አውስትራሊያ ለማሸነፍ የፈለገችው 130 ብቻ ነበር፤ የእንግሊዙ ኳስ ወርዋሪ ቦብ ዊሊስ ስምንቱን ብቻውን አስወጥቶ 111 ላይ አስቆማት። እንግሊዝ በ18 ልዩነት አሸነፈች።

ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጠርኩም። ልጄ ፀጉሯ በረገፈበት ሳምንት፣ ምግብ አልቀምስ ባለችበት ሳምንት፣ ደሟ ወርዶ ሕክምናው በተቋረጠበት ሳምንት። ጋሼ ታሪኩን ሲያወሩ ውጤቱ በሚቀጥለው ቀን እንዲታወቅ አድርገው ነው፤ ዲሊ ላይ ያቆሙና «ነገ» ብለው ይሄዳሉ። ልጄም «ነገ» እንዲመጣ ትፈልጋለች።

እስከዚህ ድረስ የጨዋታ ወሬ ነው። አንድ ቀን ግን ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የቀረውን ነገሩን።

በ1977፣ ቦተም የ21 ዓመት ልጅ ሳለ፣ እዚሁ ሄዲንግሊ ኳስ ረግጦ የእግሩን አጥንት ሰበረ። ለሕክምና ቶንተን ከተማ ሆስፒታል ሲመላለስ መንገዱ በሕፃናት ክፍል ያልፍ ነበር። ልጆች ተቀምጠው ሲጫወቱ ያያል፤ ደህና ይመስሉታል። ሲጠይቅ የደም ካንሰር ያለባቸው፣ ዕድሜያቸው በሳምንታት የሚቆጠር እንዳሉ ሰማ። በ1985፣ በዝናው ጫፍ ላይ ሳለ፣ ከስኮትላንድ ሰሜናዊ ጫፍ ከጆን ኦ ግሮትስ ተነስቶ እስከ ደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ጫፍ እስከ ላንድስ ኢንድ በእግሩ ሄደ። 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በአምስት ሳምንት፣ በኅዳር ብርድ። በየከተማው ሕዝቡ በባልዲ ሳንቲም ወረወረለት፤ ለደም ካንሰር ምርምር 1 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ተሰበሰበ። ከዚያ በኋላም ደጋግሞ ሄዷል። በ1988 የጥንቱን የጦር መሪ የሃኒባልን መንገድ ተከትሎ ከዝሆኖች ጋር የአልፕስን ተራሮች ተሻገረ። ልጄ ከታሪኩ ሁሉ የወደደችው ዝሆኖቹን ነው።

መልአክ ነበር አልልም። በ1986 ካናቢስ ማጨሱን አምኖ ለሁለት ወር ከጨዋታ ታግዷል። ዛሬ የመኳንንት ምክር ቤት አባል ነው፤ እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ትውጣ ሲል የተከራከረ ነውና በፖለቲካ እኔና እሱ የምንግባባ አይመስለኝም። በ2007 ሰር የተባለው ግን ለክሪኬቱ ብቻ ሳይሆን ለበጎ አድራጎቱም ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ 149ኙን ከእነዚያ አምስት ሳምንታት ጋር አላወዳድረውም።

በ1960ዎቹ ይህ በሽታ ከያዛቸው አሥር ልጆች አንዱ እንኳ መትረፉ አጠራጣሪ ነበር። ዛሬ እዚህ አገር ከአሥሩ ዘጠኙ ይድናሉ። ይህ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፤ የብዙ ሐኪምና ተመራማሪ፣ ሙከራውን አምነው የተቀበሉ የብዙ ወላጆች ሥራ ነው፤ ልጆቻቸው ሳይድኑ የቀሩትም ጭምር። እነሱንም ሳላመሰግን ብቀር ግፍ ነው። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ መድኃኒቱን በመርፌ ቀፎ እየለካሁ አፏ ውስጥ ሳንቆረቁር፣ አስፋልት ላይ የሚያነክስ ሰው ይታየኝ ነበር። ውሸት አይሆንብኝም።

ስለዚህ ሰር ኢያን፣ ይህ አማርኛ ነው፤ እጅዎ አይደርስም። ቢሆንም እርስዎን ሳላመሰግን ይህን ደብዳቤ ብዘጋው ጋሼ አያናግሩኝም። እግርዎ የተሰበረው በእኛ ከተማ ነው። ያን ቀን ለእርስዎ ክፉ ቀን እንደነበር አውቃለሁ፤ እኔ ግን ያንን ኳስ ባገኘው እስመዋለሁ። እግዚአብሔር ጉልበትዎን ይባርክ፣ ዕድሜ ይስጥልን።

ጋሼ፣ እርስዎንም ዕድሜ ይስጥልን። በልኳ አሳጥረው የሰጧትን ዱላ ከአልጋዋ አታስወጣውም።

የስዕለታችንን ዝክር ታኅሣሥ 19 በቅዱስ ገብርኤል ዕለት በቤታችን እናወጣለን። ከቅዳሴ በኋላ ሁላችሁም ኑ። ጉንፋን ያለበት ካለ ለጊዜው ይቅርብን፤ ሰውነቷ ገና እየጠነከረ ነው። ልጆቻችሁን አምጡ፤ ከቤታችን ጀርባ ባለው መንገድ የቆሻሻ መጣያውን ገትረን ክሪኬት እንጫወታለን። ኳሱ ዱላዋን አልፎ መጣያውን ከመታ ሕጉ ውጪ ሁኚ ይላል። እሷ ግን አትወጣም። አትከራከሯት፤ ጋሼም ትተዋል።