የታዳጊዎችን አሠልጣኞች የኋላ ታሪክ ስለማጣራት

የተከበራችሁ የክበባችን አባላትና ወላጆች፤

ከእንግዲህ በደብረ ብርሃንም ሆነ በሸዋ ሮቢት ልጆቻችንን የሚያሠለጥን ማንኛውም ሰው፣ በነፃ የሚያገለግለውም ጭምር፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በጣት አሻራ ተጣርቶ ከፖሊስ የሚሰጠውን ከወንጀል ነፃ ማስረጃ እንዲያቀርብ ወስነናል። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት እርምጃ ሁሉ የልጁ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዝዛል። ይሁንና ወረቀቱ የሚያሳየው በመዝገብ የሰፈረውን ብቻ ነው፤ በሽምግልና ተድበስብሶ የቀረ በደል (ይህም በአካባቢያችን እንግዳ ነገር አይደለም) በውስጡ አይገኝም። ስለዚህ አሠልጣኙ ቀድሞ ከሠራባቸው ቡድኖች ቢያንስ 2 ሰዎችን በአካል አግኝተን፣ ለምን እንደለቀቀ ሳናፍር እንጠይቃለን። አንጋፋ አሠልጣኞቻችን ቅር ሊሰኙ እንደሚችሉ እንረዳለን፤ ለእነርሱም ቢሆን ልዩነት አናደርግም።