«ተከትቦ ለምን ታመመ?»

ይድረስ ለተከበራችሁ አዘጋጅ፣

በጤና ጣቢያ የሕፃናት ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ክረምቱ አልፎ ብርዱ ሲገባ ተቅማጥና ትውከት የያዛቸው ሕፃናት ይበዙብናል። ብዙ እናቶች «ጥርስ ሊያወጣ ነው» ብለው ቀናት ያሳልፋሉ፤ ግግ አስወጥተው የሚመጡም አሉ። የልጁን የሆድ ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው ቶሎ አይመለስም፤ ዓይኑ ጎድጉዷል። ካርዱን ሳየው፣ ሕፃናትን ከባድ ተቅማጥ የሚያስይዘውን የሮታ ቫይረስ የሚከላከለውን ክትባት ሁለቱንም ጊዜ ወስዷል። እናትየው «ተከትቦ ለምን ታመመ?» ትለኛለች።

መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው። ሀገራችን በ2006 ዓ.ም. በስድስትና በአሥር ሳምንት በአፍ መስጠት የጀመረችው ክትባት የተሠራው ጂ1ፒ8 ከሚባል አንድ ዝርያ ነው። ቫይረሱ ግን ጂ2፣ ጂ3፣ ጂ9፣ ጂ12 እየተባለ ዝርያው ብዙ ነው። ዘረመሉ 11 ቦታ የተቆራረጠ ስለሆነ፣ ሁለት ዝርያዎች አንድ ልጅ አንጀት ውስጥ ሲገናኙ ቁራጮቹን ተለዋውጠው ሌላ ዓይነት ሊወልዱ ይችላሉ።

እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ክትባቱ በሕፃናቱ የመጀመሪያ ዓመት ከባድ ሕመምን በደቡብ አፍሪካ 77 በመቶ፣ በማላዊ 49 በመቶ እንደተከላከለ አሳይቷል። ለልዩነቱ ዝርያው ብቻ ተጠያቂ አይደለም፤ የምግብ እጥረትና፣ የክትባቱን ኃይል ሊያዳክም የሚችለው ከእናት የሚተላለፍ መከላከያም ይነሳሉ። 49 በመቶን አይቶ ክትባቱን የሚያጣጥል ግን ተሳስቷል። ማላዊ ውስጥ በሽታው ስለሚበረታ፣ ከተከተቡ መቶ ሕፃናት በክትባቱ ምክንያት ከከባድ ሕመም የተረፉት ከደቡብ አፍሪካ ይልቅ በዚያ ይበዙ ነበር። እኔም ለእናቶች የምነግራቸው ይህንኑ ነው፤ ክትባቱ ተቅማጥን ሁሉ አያስቀርም፣ ልጁ ግን ለሞት ከሚያደርስ ድርቀት የመትረፍ ዕድሉን ይጨምራል።

ጋዜጦቻችን ስለ ክትባት ሲጽፉ ስንት በመቶ ሕፃን እንደተከተበ ብቻ ይነግሩናል። የትኛው ዝርያ እየተዘዋወረ እንደሆነም ጠይቁልን። ዝርያውን የሚለየው የሰገራ ናሙና ምርመራ ሳይቋረጥ ይቀጥል፤ ውጤቱም በጥናት መጽሔት ተወስኖ ሳይቀር እኛ ጤና ጣቢያ ያለነው ዘንድ ይድረስ። ካላወቅነው ለእናቶች ምን ብለን እንመልሳለን?

ለወላጆች ደግሞ፣ ተቅማጥ ሲጀምር ጥርሱን አትጠብቁ። አንዱን የኦአርኤስ (ድርቀትን የሚተካ ንጥረ ነገር) ፓኬት በባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ በጥብጡት። ልጁ ካስመለሰው አሥር ደቂቃ ቆይታችሁ በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ስጡት። ጡቱንም አታቋርጡበት። ከኦአርኤሱ ጋር የሚሰጠውን የዚንክ ክኒን ተቅማጡ ቢቆምም ቢያንስ ለ10 ቀን ይጨርሰው። ከደከመ ወይም መጠጣት ካቃተው ሌሊትም ቢሆን ይዛችሁት ኑ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የሕፃናት ክፍል ነርስ