«በማን አቆጣጠር?» ብላ ለጠየቀችው እህታችን

ሰላም ለሁላችሁም። ይህን ስጽፍ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው፣ ስህተት ካለበት እለፉኝ። ታሪኩን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ አብራችሁን አልቅሳችኋል፣ ስለዚህ አልደግመውም። ሱዳንን፣ ሊቢያን፣ ባህሩን መጻፍም አልችልም። ትንሹ ወንድሜ እንግሊዝ አገር ጥገኝነቱ ተፈቀደለት። የ5 ዓመት የመኖሪያ ወረቀት አገኘ። አልሃምዱሊላህ! ለማመስገን ነው የመጣሁት።

ስም አልጠራም። እሱ ገና ልጅ ነው፣ የረዱት ሰዎችም ስራቸው ምስጢር መጠበቅ ነው። ራሳቸውን ያውቃሉ።

መጀመሪያ አንቺን፣ ሶሻል ወርከሯን (የልጆች ጉዳይ ሰራተኛዋን)። ወንድሜ ቁጭ ብሎ ይተረጉምልሻል፣ አንድ ቃል እንዳይዘል አደራ ብዬዋለሁ።

የደረሰ ቀን መቼ ተወለድክ ሲሉት «ነሐሴ 12 ቀን 1999» አለ። እውነቱን ነው የተናገረው። የመዘገበው ሰው ግን የኛን 1999 እንደነሱ 1999 አድርጎ ጻፈው። የ16 ዓመት ልጅ በአንድ መስመር የ24 ዓመት ሰው ሆነ። የኛ ዘመን ከነሱ 7 ወይም 8 ዓመት ወደኋላ መሆኑን ያ ሰው አላወቀም፣ ወንድሜም በዚያ ድካም ማስረዳት አልቻለም። ከማያውቃቸው ትልልቅ ወንዶች ጋር ሆቴል ገባ። አዋቂ ከተባለ ደግሞ አሳዳጊ ቤተሰብ የለም፣ ትምህርት ቤት የለም፣ የልጆች ጉዳይ ሰራተኛም አይመጣለትም። አምስት ሳምንት እንደዚያ ቆየ። «ደህና ነኝ» ይለኝ ነበር። ድምፁን አውቀዋለሁ፣ ደህና አልነበረም።

ከዚያ አንቺ መጣሽ። ዕድሜውን ለማጣራት ከባልደረባሽ ጋር ሁለት ሆናችሁ። እዚያ አገር የልጅ ዕድሜ በመልክ ብቻ እንዳይወሰን ፍርድ ቤት በ2003 እንደ ፈረንጆቹ መወሰኑን ወንድሜ በኋላ ነግሮኛል። አንቺ ግን ጢሙንም ቁመቱንም ከማየትሽ በፊት ወረቀቱን አይተሽ «1999 በማን አቆጣጠር?» አልሽው። በቃ፣ ይቺው ናት። እኔ ይህን በስልክ ስሰማ ሂርማታ ገበያ መሃል ነበርኩ፣ የያዝኩትን ፌስታል እንደያዝኩ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሰው አመማት ብሎ ከበበኝ።

የክትባት ካርዱን ፈልጉ ብለሽ ላክሽብን። እማዬ ከሳጥኗ ስር፣ ከጋብቻ ወረቀቷ ጋር በጨርቅ ጠቅልላ አስቀምጣው ኖሯል! ጠርዙ አልቋል፣ ቀኑ ግን ይነበባል። ፎቶ አንስቼ ላክሁ። ቀኑን በእነሱ ዘመን ኦገስት 18 ቀን 2007 ብለሽ አስተካከልሽው። ወንድሜ ዕድሜውን መልሰሽ ሰጠሽው።

ውሃ እንደሚፈራም ያወቅሽው አንቺ ነሽ፣ ለኛ እንኳን አልተናገረም ነበር። ወደ ኮሌጁ የሚወስደው አውቶቡስ በትልቁ ወንዝ ድልድይ ላይ እንደሚያልፍ ስታውቂ ሌላ መስመር ፈልገሽለት ሁለት ጠዋት አብረሽው ተሳፈርሽ። ስራዬ ነው ትያለሽ አሉ። እህቴ፣ ያንን አውቶቡስ ማንም አላዘዘሽም። አሁን በነሐሴ 18 ዓመት ሲሞላው ይጥሉት ይሆን ብዬ እንቅልፍ ስላጣሁም ደውለሽ፣ ወንድሜ መሃል ሆኖ እየተረጎመ፣ እስከ 25 ዓመቱ የሚያማክረው ሰው ሊኖረው እንደሚችል በትዕግስት አስረዳሽኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ። ቀንሽን ያሳምረው፣ ልጆች ካሉሽም አላህ ያሳድግልሽ።

አሳዳጊ እናቱ፣ እማዬ «ያቺ እህቴ» ነው የምትልዎት። ሃይማኖትዎ ሳይሆን በረመዳን ለሱሁር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስተው ገንፎ ሰርተውለታል፣ ብቻውን እንዳይበላም ሻይ ይዘው አጠገቡ ተቀምጠዋል። እማዬ ይህን ከሰማች ወዲህ ሶላት ላይ እርስዎን ሳትጠራ አታልፍም።

ሰዓት ካነሳሁ አይቀር አስተርጓሚውን ልንገራችሁ። ወንድሜ «ከሌሊቱ 9 ሰዓት ወጣን» ያለው የጥገኝነት ጉዳዩን የያዘው ጠበቃ በጻፈው ወረቀት ላይ የማታ 9 ሰዓት ተብሎ ተጽፎ ነበር። የኛ ከሌሊቱ 9 ለነሱ 3 ሰዓት ነው። እንዲህ ያለ ልዩነት ዋናው የጥገኝነት ኢንተርቪው (ቃለ መጠይቅ) ላይ ቢገኝ ልጁ ውሸታም ይባል ነበር። ጠበቃው የጻፈውን መስመር በመስመር መልሶ ሲያነብለት አስተርጓሚው ቆም አድርጎ «ይህ ሰዓት የኢትዮጵያ ነው» አለ። ጠበቃውም እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ከኛ ሳንቲም አልጠየቀም፣ እዚያ ለተቸገረ ሰው ጠበቃ የሚከፍለው መንግስት ነው። ሁለታችሁንም እናመሰግናለን።

የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኞች፣ ሰባት ወር ድምፁ ጠፍቶብን ስንቃጠል ስማችንን ይዛችሁ በሰፈሩ እየጠየቃችሁ በራችንን ያንኳኳችሁ፣ የዚያን ቀን ቡና እንኳን ሳላፈላላችሁ ነው የሄዳችሁት። ጩኸቴን ብቻ ነው የሰማችሁት። ይቅርታ።

ጎረቤቶቻችን፣ የእድሩ ሰዎች፣ ዱዓ ያደረጋችሁ፣ ስለት የተሳላችሁ፣ የአጂፕ ሰፈር ልጆች፣ እግዜር ይስጥልን፣ አላህ ይስጥልን።

አንድ ነገር ይቆርጠኛል። እማዬ «መቼ ነው የማየው?» ትላለች። ልጅ ሆኖ ጥገኝነት ያገኘ ወላጆቹን እንዲያስመጣ የዚያ አገር ህግ አይፈቅድም። እስካሁን በትክክል አልነገርኳትም። እሷ ይህን አታነብም፣ እባካችሁ እናንተም ቤት ስትመጡ እንዳታነሱባት።

ያልጠቀስኳችሁ ብዙ ናችሁ። የቋንቋ አስተማሪው፣ ጫማ የገዛለት ሰው፣ ሆቴሉ ውስጥ ብርድ ልብሱን ያካፈለው ኤርትራዊ ወንድም (አሁን የት እንዳለ አላወቅንም፣ የእሱም ጉዳይ ይሳካለት)። ረስቼ እንጂ ንቄ አይደለምና ይቅር በሉኝ።

በመጨረሻ አንድ ልመና። በዚህ ክረምት ወደ እንግሊዝ የሚሄድ ሰው የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ። እማዬ ከማና ወረዳ ያስመጣችውን ቡና ለቅማ በአራት ፌስታል ቋጥራ በሩ ጋ አስቀምጣዋለች፣ ለሶሻል ወርከሯ፣ ለአሳዳጊ እናቱ፣ ለአስተርጓሚውና ለጠበቃው። ከአራት ኪሎ አይበልጥም።

እህቱ፣ ከጅማ
ሰኔ 2017