ማገዶ ቆጣቢ ምድጃን በሚመለከት ለአባላት የተላከ መልእክት

የተከበራችሁ አባላት፣

ማገዶ ቆጣቢ ምድጃን ለገጠር ቤተሰቦች ስናስተዋውቅ ከሁሉ አስቀድመን ልናነሳው የሚገባው ጉዳይ ጤና ነው ብዬ አምናለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሕይወታቸውን ያጡ ሲሆን፣ ከእነዚህም ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ነበሩ። ለዚህ ብክለት ዋና ምንጭ የሆነውን የማብሰያ ጭስ በየዕለቱ የሚተነፍሱት በአብዛኛው ምግብ የሚያበስሉት ሴቶችና ከጎናቸው የማይለዩት ልጆች ናቸው።

ጭስ በአመዛኙ ሳይቃጠል የቀረ ማገዶ ነው። በሦስት ጉልቻ መካከል በሚነድ እሳት አብዛኛው ሙቀት ወደ ጎን ይባክናል፤ በአንጻሩ እሳቱ ሙቀት በማያስወጣ ግድግዳ ሲከበብ፣ ከእንጨቱ የሚወጣው ጋዝ ጭስ ሆኖ ከመበተኑ በፊት ይበልጥ ይቃጠላል፣ ድስቱም በጥቂት እንጨት ይፈላል። ማገዶ ለቀማ የሚወስደው ጊዜ ሲያጥር ደግሞ፣ በተለይ ልጃገረዶች ለትምህርትም ለዕረፍትም ፋታ ያገኛሉ። በደን ላይ ያለው ጫናም ይቀላል።

ይሁን እንጂ በእንጨት የሚሠራ ምድጃ ምንም ያህል ቢሻሻል ጭስን ይቀንሳል እንጂ አያስቀርም፤ ስለዚህ ኤሌክትሪክ ወይም ባዮጋዝ (ከእበትና ከመሳሰሉት የሚገኝ ጋዝ) በሚገኝበት ስፍራ ሁሉ ቅድሚያ ለእነርሱ እንድንሰጥ አሳስባለሁ። አሮጌው ጉልቻ ጎን ለጎን መንደዱን ከቀጠለ ጥቅሙ በእጅጉ ስለሚመናመን፣ ምድጃ ካደልን በኋላ ወደየቤቱ ተመልሰን ድስቱ በልኩ መቀመጡን፣ እንጨቱ መድረቁንና ጭሱ መውጫ ማግኘቱን ከሚያበስሉት ሴቶች ራሳቸው እንድንጠይቅ በአክብሮት እጠይቃለሁ።